የሚቶ ኮዶካን እድሳት፦ ግድግዳው ተመለሰ፣ ወለሉስ?

በጃፓን አገር ኮዶካን ሲባል ስፖርት ወዳዱ አንባቢ ፈጥኖ የሚያስበው ካኖ ጂጎሮ በ1882 ቶኪዮ ላይ ያቋቋሙትን የጁዶ ማዕከል ነው (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚህ ሂስ የሚመረመረው ግን በዕድሜ የሚቀድመው ሌላ ኮዶካን፣ ይኸውም የሚቶ ግዛት መስፍን ቶኩጋዋ ናሪያኪ በ1841 ለሳሙራይ ወገኖች የከፈቱት ትምህርት ቤት ነው። ቀለምና ሰይፍ እንዳይነጣጠሉ የመሥራቹ ጽኑ ፈቃድ ስለነበረ የኮንፊሽየስ ፍልስፍናና ሕክምና፣ የሰይፍ፣ የጦርና የቀስት ስልት በአንድ ቅጥር ውስጥ ይሰጡ ነበር። ዓላማውም በትልቅ የእብነ በረድ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ በግቢው ቆመ።

ማርች 11 ቀን 2011 ምሥራቅ ጃፓንን የመታው፣ በመለኪያ 9.0 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ይህን ግቢ ክፉኛ ጎዳው። የግድግዳው ምርጊት ረገፈ፤ የተማሪዎቹ ደወል ማማ ወደቀ፤ በ1945 የአየር ድብደባ እሳት የለበለበው ጽሑፈ ድንጋይም ዳግመኛ ተጎዳ። እድሳቱ ተጠናቆ ግቢው ሙሉ በሙሉ የተከፈተው በ2014 ነው።

ሥራው የሚመሰገን መሆኑ አይካድም። የጃፓን ጥንታዊ ግድግዳ አሠራር ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ የቀርከሃ ማገር በገመድ ይታሰራል፣ ጭድ የገባበት ጭቃ በየደረጃው ይመረጋል፣ በኖራም ይለሰናል። ምድር ስትናወጥ ምርጊቱ እየተሰነጠቀና እየረገፈ የንዝረቱን ኃይል ስለሚካፈል የእንጨቱ አጥንት የመትረፍ ዕድል ያገኛል። ስለዚህ የረገፈ ግድግዳ ሁሉ ግዳጁን ያልተወጣ ግድግዳ አይደለም። ይህን ያልተረዳ መሐንዲስ በሲሚንቶ ለመተካት ይቸኩላል። ለተጎዳውም ድንጋይ ምትክ አልተቀረጸለትም፤ ያው ጠባሳው ተጠግኖ ቆሟል።

ሆኖም ጎብኚው በዋናው አዳራሽ በረንዳ ላይ ሲቆም አንድ ነገር ይጎድልበታል። መስፍኑ በዚያ ተቀምጠው ከፊት ለፊት ባለው ሜዳ የሚደረገውን የሰይፍ ግጥሚያ ይመለከቱ ነበር። አሁን ሜዳው ባዶ ነው። የጦር ስልት ማሠልጠኛው ቤትም በ1868 የሚቶ ሰዎች እርስ በርስ ሲዋጉ ተቃጥሏል። እድሳቱ የተመልካቹን ሥፍራ መለሰ፤ የሚታየውን አልመለሰም።

ጥፋቱ የአዳሾቹ ነው ማለት ግን ግፍ ይሆናል። የሆሪዩጂ ቤተ መቅደስ በ1949 ከተቃጠለ በኋላ የወጣው የ1950 የቅርስ ጥበቃ ሕግ ሕንጻን በአንድ መዝገብ፣ ሙያን በሌላ መዝገብ ያሰፍራል። የካቶሪ ሺንቶ ሪዩ የጦር ስልት በ1960 በቺባ ክፍለ ሀገር የተመዘገበው በሁለተኛው፣ በሙያው ዓይነት ነው። የማሠልጠኛ አዳራሽ፣ ጃፓኖች ዶጆ የሚሉት፣ በሁለቱ መዝገቦች መካከል ይወድቃል፤ ቃሉ ራሱ «የመንገዱ ሥፍራ» ማለት ነውና ቤቱን ከሚሠራበት ለይቶ መጥራት አይቻልም።

በ1899 የተሠራው የኪዮቶው ቡቶኩደን ሁለቱን አጣምሮ ለመያዝ ችሏል። በ1996 በታላቅ ቅርስነት ቢመዘገብም ዛሬም በወለሉ ላይ ይሠለጠንበታል። በሚቶም ቢሆን ሙያው አልሞተም። ኮዶካን በ1872 ሲዘጋ በዚያ የሰይፍ ስልት ያስተምሩ የነበሩት ኦዛዋ ቶራኪቺ በ1874 ቶቡካን የተባለውን ዶጆ በከተማይቱ ከፈቱ፤ ማስተማሩም እስከ ዛሬ ቀጥሏል። መሳፍንት ያላነጹት ይህ ቤት ለእኔ ከእብነ በረዱ ድንጋይ ይልቅ የናሪያኪ ወራሽ ነው።

ስለዚህ በቀጣዩ መናወጥ ማግስት ባለሙያው ስንጥቁን ሲለካ ከግድግዳው አስቀድሞ ወለሉን ይመልከት። የኬንዶ ተማሪ በባዶ እግሩ ወለሉን እየመታ ወደፊት ይወረወራል፤ ከሥሩ ክፍት ሆኖ የተሠራ የእንጨት ወለል በመጠኑ እየሰገደ ምቱን ይቀበለዋል። ገንዘብ አጥሮ በቦታው ኮንክሪት ከተደለደለ ጉልበቱ ይጎዳል፤ ተማሪውም ሳያውቀው እርምጃውን ያለዝባል።