ስለ «ኢንተሊጌንጺያ» ቃል አመጣጥና ትርጓሜ

ስለ ስላቭ ሕዝቦች ኑሮ ከሚጽፉት ደራስያን አንዳንዶቹ፣ «ኢንተሊጌንጺያ» የተባለው ቃል በሩስያኛም፣ በፖላንድኛም፣ በቼክኛም፣ በሰርብኛም ስለሚገኝ፣ ስላቮች ሁሉ ስለ ተማረው የኅብረተሰብ ክፍል አንድ ዓይነት አሳብ እንዳላቸው አድርገው ያትታሉ፡፡ ይህም ልብሱን አይቶ በሰውዬው ላይ እንደ መፍረድ ያለ ነው፡፡

ቃሉ መሠረቱ ላቲን ሲሆን፣ ትርጓሜውም ማስተዋል ማለት ነው፡፡ ከጥንት ስላቮች የተወረሰ አለመሆኑን ድምፁ ራሱ ይመሰክራል፡፡ ከተማን ወይም አምባን የሚያመለክተው ጥንታዊ ቃል በሩስያኛ «ጎሮድ»፣ በፖላንድኛ «ግሩድ»፣ በሰርብኛ «ግራድ» ሲባል፣ በቼክኛ ግን የቀድሞው «ገ» ወደ «ሀ» ስለ ተለወጠ «ህራድ» ይባላል፡፡ «ኢንተሊጌንጼ» በሚለው የቼክ ቃል ውስጥ ግን «ገ» ሳይለወጥ ቀርቷል፤ እንግዲህ ቃሉ የገባው ያ ለውጥ ከተፈጸመ በኋላ ነው፡፡ ዩክሬኖች በአንጻሩ ይህንኑ መጤ ቃል እንኳ በ«ሀ» ድምፅ ይጠሩታል፤ ይህ ግን የፊደላቸው አነባበብ ያመጣው ነው እንጂ የዘር ምልክት አይደለም፡፡

ከድምፁ ይልቅ የሚከብደው ትርጓሜው ነው፡፡ በቼክኛ፣ በፖላንድኛና በሰርብኛ ይኸው አንድ ቃል የአእምሮን ችሎታም የተማሩትን ሰዎችም ያመለክታል፤ የሚለየውም በንግግሩ አገባብ ብቻ ነው፡፡ ሩስያኛ ግን ለአእምሮ «ኢንተሌክት» የተባለውን ቃል ለይቶ፣ «ኢንተሊጌንጺያን» ለሰዎቹ ብቻ አስቀረው፡፡ ያውም ለተማረ ሁሉ አይደለም፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ እኩሌታ ቃሉ ለሕዝብ ባለዕዳ መሆንንና ከገዢው ሥርዓት ጋር አለመስማማትን ጨምሮ ይዞ ነበር፡፡ በ1909 እ.ኤ.አ. በሞስኮ የታተመው «ቬኺ» የተባለው የጽሑፎች ስብስብ በዚህ ክፍል ላይ ብርቱ ነቀፌታ ያቀረበውም ስለዚህ ነው፡፡ ነገሩ ትምህርት ብቻ ቢሆንማ ኖሮ ማን ይነቅፈው ነበር?

ቃሉ የሩስያ ፍጥረት ነው የሚለውም አነጋገር መታረም ይገባዋል፡፡ ደራሲው ፒዮትር ቦቦሪኪን በ1860ዎቹ ለሩስያ ያስተዋወቅሁት እኔ ነኝ ይል ነበር፤ ነገር ግን ባለቅኔው ዡኮቭስኪ በ1836 እ.ኤ.አ. በዕለት ማስታወሻው ጽፎት ተገኝቷል፡፡ ፖላንዳዊው ፈላስፋ ካሮል ሊቤልትም በ1844 እ.ኤ.አ. ስለ አገር ፍቅር ባዘጋጀው ጽሑፍ ቃሉን ለተማረው ክፍል ሰጥቶታል፡፡ በዚያን ጊዜ ፖላንድ በሦስት መንግሥታት ተከፋፍላ ነበርና፣ መንግሥት የሌለውን ሕዝብ ቋንቋውንና ታሪኩን የመጠበቅ ሥራ በተማሩት ልጆቹ ላይ የወደቀ ነበር፡፡

በአማርኛ «ምሁራን» የሚለው ቃል ለቼኩ ትርጓሜ ሊበቃ ይችላል፤ ከሩስያውና ከፖላንዱ ግን ትምህርቱን ብቻ ወስዶ ሸክሙን ወደ ኋላ ይተወዋል፡፡