የጣና ባርቡስ አንድ ዝርያ ነው ወይስ 15?

ለአንድ ዓሣ ስም ማውጣት ቀላል ሥራ ይመስላል። ይሁን እንጂ በጣና ሐይቅ ስለሚኖሩት ትልልቅ ባርቡሶች የተጻፈውን ስንመረምር፣ ስም ማውጣቱ ራሱ የረጅም ጊዜ ክርክር ሆኖ እናገኘዋለን። በ1830ዎቹ ጀርመናዊው ሩፔል ከእነዚህ ዓሦች በርከት ላሉት የተለያየ ስም ሰጠ። በ1973 ባኒስተር በሙዚየም የተቀመጡትን ናሙናዎች ለክቶ አብዛኞቹን በአንድ ዝርያ ጠቀለላቸው። የሆላንድ ተመራማሪዎች ኔጌልከርከና ሲቢንግ ደግሞ በሐይቁ ላይ ሠርተው በ2000 ዝርያዎቹ 15 ናቸው አሉ። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ባኒስተር ያለምክንያት አልፈረደም። በአልኮል የተቀመጡ ዓሦች ሲደረደሩ የአንዱ መልክ ከሌላው ጋር ይቀላቀላል። ነገር ግን የሞተ ዓሣ ምን ይበላ እንደ ነበርና እንቁላሉን የት እንደሚጥል አይናገርም። በሕይወት ሳሉ የተጠኑት ባርቡሶች ግን ይህን ገልጠዋል። ከ15ቱ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው፤ የእነዚህ ዓሦች ወገን በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው በመሆኑ ይህ የሚያስደንቅ ነው። ቢያንስ 7ቱ በክረምት እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ወጥተው፣ በቦታና በጊዜ እየተለያዩ በጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ።

የዘር ውርስ ምርምር ይህን ክርክር ይቆርጠዋል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። አልቆረጠውም። የሚቶኮንድሪያ ጂን የተመረመረባቸው ጥናቶች ዝርያዎቹን በግልጽ ሊለዩ አልቻሉም። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ሁሉም አንድ ናቸው» ማለት ግን ችኮላ ይመስለናል። ጣና ከ15,000 ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ እንደ ነበር ከሐይቁ ወለል የወጣው ደለል መስክሯል፤ በቅርብ ጊዜ የተለያዩ ወንድማማቾች በአንድ ጂን ባይለዩ አያስገርምም። በዚህም ላይ እነዚህ ዓሦች 150 ያህል ክሮሞዞም ስላላቸው የቀረውን የዘር ውርሳቸውን መመርመር አድካሚ ነው።

ጉዳዩ የሙዚየም ክርክር ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ ውስጥ የባርቡሶቹ ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱ ተመዝግቧል። ከምክንያቶቹ አንዱ እንቁላል ሊጥሉ ወደ ወንዝ ሲጓዙ በወንዝ አፍ ላይ በመረብ መያዛቸው ነው። ሁሉንም አንድ ብለን ከቈጠርን፣ ወንዝ ወጪዎቹ ቢያልቁም በሐይቁ የሚቀሩት ቍጥሩን ይሸፍኑታል፤ ጥፋቱም በመዝገብ ላይ አይታይም።

እኛም ራሳችን ከዚህ ስሕተት ነፃ አይደለንም። ዓሣው እንቁላል የሚጥልበት ጠጠር የብዙ የውኃ ነፍሳት እጮች መኖሪያ ነው። ደለል ሲሸፍነው ንጹሕ ውኃ የሚሹት እጮች ይጠፋሉ፤ አየር ባነሰው ጭቃ መኖር የሚችሉት ቀያይ እጮች ይበዛሉ። በጠርሙስ የተቀዳ ውኃ የዚያችን ሰዓት ሁኔታ ብቻ ሲናገር፣ እጮቹ ግን ያለፉትን ወራት ይመሰክራሉ። ነገር ግን ነፍሳቱን ስንለይ ብዙውን ጊዜ በቤተሰብ ደረጃ እንቆማለን። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ደለልን የሚችልና የማይችል ዝርያ አብረው ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ ባኒስተር በዓሣው ላይ ያደረገውን እኛ በነፍሳቱ ላይ እንደግመዋለን ማለት ነው።

ስለዚህ የዘር ውርስ መርማሪውና የአካባቢ ተመራማሪው በአንድ ወንዝ ዳር ይገናኙ እንላለን። ከአንድ የጠጠር ቦታ የዓሣው እንቁላልና የነፍሳቱ እጭ አብረው ይሰብሰቡ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚራባና ምን ዓይነት ውኃ እንደሚሻ በአንድነት ይጠና። ርብ ወንዝ ዛሬ ግድብ ተሠርቶበታል፤ በሌሎቹም ወንዞች የሚወርደው ደለል አልቆመም። ይህን የጻፍነው የቀደሙትን ሊቃውንት ለመንቀፍ አይደለም፤ ስማቸው ገና ሲያከራክር ዓሦቹ እንዳያልቁብን በማሰብ ነው።