ቃል አልባው ዜማ ምን ይላል?

በኢትዮጵያዊ አድማጭ ዘንድ ሙዚቃ ማለት በአብዛኛው ዘፈን ማለት ነው፤ ዘፈን ማለት ደግሞ ከሁሉ በፊት ግጥም ማለት ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ዜማውን ገና ሲያሟሽ፣ የተሰብሳቢው ጆሮ የሚያደባው ሊከተል ላለው ቃል ነው። ሰሙ የቱ ነው? ወርቁስ የት ተደበቀ? ዘፈኑ ካበቃ በኋላም የሚመሰገነው ስንኝ ነው፤ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈውም ስንኝ ነው። ይህ ልማድ ለአገሪቱ የቅኔና የግጥም ባህል ትልቅ በረከት ሆኖ ኖሯል። ይሁን እንጂ ያስከተለው ጉዳትም አለ፤ ቃል የሌለበት ሙዚቃ በገዛ ቤቱ እንደ እንጀራ ልጅ አድጓል።

ስሙና ግብሩ አለመጣጣማቸው ይህን ይመሰክራል። በመሣሪያ ብቻ የሚቀርበው ሙዚቃ በተለምዶ «ረቂቅ ሙዚቃ» ወይም «ክላሲካል» ይባላል። ማዕረጉ ከፍ ያለ ነው፤ የሚሰጠው ሥራ ግን ዝቅ ያለ ነው። በሬዲዮ የዜና ሰዓት እስኪደርስ ክፍተት ይሞላል፤ በሆቴል የእራት አዳራሽ ከሹካና ከማንኪያ ኳኳታ ጋር ይታገላል፤ ግጥም ሲነበብ ከሥር ይነጠፋል። ማንም አይጠላውም፤ ተቀምጦ የሚያዳምጠው ግን ጥቂት ነው። የዚህ ምክንያቱ «ቃል የሌለው ሙዚቃ የሚናገረው ነገር የለውም» የሚል፣ ያልተነገረ ነገር ግን በብዙዎች ልብ ያደረ እምነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1985 ባለው ጊዜ የተቀረጹ የአራት ሙዚቀኞች ሥራዎች ይህን እምነት ለመፈተን ይበቃሉ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ሥራዎቹ ከመግባት በፊት አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። ቃል አልባ ሙዚቃ ለአገሪቱ እንግዳ አይደለም። እንቢልታ የሚነፉ ሰዎች እያንዳንዳቸው ጥቂት ድምፅ ብቻ ይዘው፣ አንዱ የተወውን ሌላው እየሞላ፣ በኅብረት አንድ ሙሉ ዜማ ያወጣሉ። እረኛው በዋሽንቱ ግጥም አይገጥምም፤ የሚሰማው ሰው ግን ናፍቆቱን ይረዳዋል። በገናም ዐሥሩን አውታሮቹን ይዞ ከቃሉ በፊት በድርደራ ልብን ያዘጋጃል። በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርመናውያን «አርባ ልጆች» የነሐስ መሣሪያዎችን ይዘው በአዲስ አበባ ሲሰለፉ፣ ከዚያም የክብር ዘበኛው፣ የጦር ሠራዊቱ፣ የፖሊሱና የማዘጋጃ ቤቱ ባንዶች ሲስፋፉ፣ የተፈጠረው ጥያቄ መሣሪያ ብቻውን ይናገራል ወይስ አይናገርም የሚል አልነበረም። ጥያቄው የውጭው መሣሪያ የአገሩን አነጋገር ይማር ይሆን ወይ የሚል ነበር።

ለዚህ ጥያቄ ጌታቸው መኩሪያ የሰጠውን ያህል ቁርጥ ያለ መልስ የሰጠ የለም። በ1949 ገና በልጅነቱ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን ባንድ የተቀላቀለው ይህ ሙዚቀኛ፣ ሳክስፎንን የሽለላና የፉከራ አፍ አደረገው። በ1972 በፊሊፕስ ኩባንያ አሳታሚነት የወጣው ሸክላው የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ ብሎ ይጠራዋል፤ አጠራሩም አልተጋነነም። «ሽለላ» የተሰኘውን ሥራ የሚሰማ ሰው በመጀመሪያ የሚያስተውለው ትንፋሹን ነው። ፎካሪው ዘራፍ ብሎ ተነሥቶ፣ ድምፁን በአንድ ትንፋሽ አርዝሞ፣ በመጨረሻው ላይ አንቀጥቅጦ እንደሚጥለው ሁሉ፣ ሳክስፎኑም ሐረጉን ከላይ አንሥቶ፣ አንከባሎ፣ እያንቀጠቀጠ ያወርደዋል። ስልተ ምቱ በከበሮ አይገዛም፤ የሚገዛው በንግግሩ ጉልበት ነው። በሐረግና በሐረግ መካከል ያለው ዝምታ ፎካሪው ዙሪያውን የሚቃኝበት ዝምታ ነው። አድማጩ ቃሉን ሳይሰማ ቃሉ የቆመበትን ቦታ ይሰማል። በዚህ ሸክላ ላይ ግጥም አልጎደለም፤ ግጥሙ ወደ ነሐስ ተለውጧል።

የጌታቸው ጥበብ በመድረክ ላይ ሲታይ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። በእርጅናው ዘመን ጎፈር ደፍቶ፣ ሳክስፎኑን እንደ ጦር ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር በአውሮጳ መድረኮች ቆሟል፤ በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አብረው አሳትመዋል። ሻካራ ጊታሮች ከበስተኋላው ሲንጫጩ የአንድ ሰው ሽለላ ይዋጣል ተብሎ ሊሠጋ ይችል ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ፎካሪ ያለ አጃቢ ሆታ ሙሉ አይሆንምና፣ ጊታሮቹ የሆታውን ቦታ ያዙ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ጌታቸው ለእንግዶቹ ሲል አነጋገሩን አለመለወጡ ነው፤ እነርሱ ወደ እርሱ መጡ። በ2016 ሲያርፍ የተወውም ትልቁ ውርስ ይህ በራስ መቆም ነው።

ከፉከራው ጩኸት ወደ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ የሚሸጋገር አድማጭ ከአደባባይ ወደ ጓዳ የገባ ያህል ይሰማዋል። እማሆይ በ1923 በአዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ተምረው፣ በፋሽስት ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ኢጣልያ ደሴት ተግዘው፣ በኋላም በካይሮ ሙዚቃ አጥንተው፣ በመጨረሻ የግሸንን ገዳም የመረጡ እናት ነበሩ። የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1967 በጀርመን ታተመ፤ ከሥራዎቻቸው የተገኘውን ገቢም ለችግረኞች አውለዋል። ፒያኖ ለኢትዮጵያ ቅኝቶች ጨካኝ መሣሪያ ነው። ድምፆቹ አንድ ጊዜ ተወጥረው የተቆለፉ ናቸውና፣ ማሲንቆ ወይም የሰው ጉሮሮ እንደሚያደርገው ከአንዱ ወደ ሌላው መንሸራተት አይችልም። እማሆይ ይህን ግድግዳ በጉልበት አልገፉትም። በዋናው ድምፅ ዙሪያ ፈጣን ጌጦችን እየረጩ፣ ሐረጉን እንደ ንባብ አንዴ እያፈጠኑ አንዴ እያዘገዩ፣ ጆሮ መንሸራተቱን እንዲያስበው ያደርጋሉ። ግራ እጃቸው የአውሮጳን የዋልስ እርምጃ ሲያስታውስ ቀኝ እጃቸው ከማኅሌት የተማረውን ዝግታ አይለቅም። ቤት አልባ ተንከራታች የሚል ትርጉም ባለው ሥራቸው ውስጥ ስደትን የሚነግር አንድም ቃል የለም፤ ሆኖም ዜማው ማረፊያው ደጃፍ ደርሶ ሳይገባ ሲመለስ፣ እንደገናም ሲነሣ፣ ስደተኛ ምን እንደሆነ ይገባል። እማሆይ በ2023 በኢየሩሳሌም አርፈዋል።

ሙላቱ አስታጥቄ ከሁለቱ የሚለየው በሰብሳቢነቱ ነው። በጅማ ተወልዶ፣ በብሪታንያና በቦስተን ተምሮ፣ በ1966 በኒው ዮርክ የአፍሪካንና የላቲንን ስልት የሚያጣምሩ አልበሞችን አሳተመ፤ በ1972 ደግሞ «የኢትዮጵያው ሙላቱ» የሚል ትርጉም ያለው ስም የተሰጠውን ሸክላ አወጣ። የሥራው ፍሬ ነገር በአጭሩ ሲገለጽ ይህ ነው፤ አምስት ድምፅ ያላቸውን ቅኝቶች መልካቸውን ሳያጠፋ ከዐሥራ ሁለቱ ድምፆች ሐርመኒ ጋር ማኖር። ዘዴው አደጋ አለበት። አምስቱ ድምፆች ከሥራቸው ብዙ ነገር ሲደረደርባቸው ጣዕማቸው ይሟሟል፤ ጥቂት ሲደረደርባቸው ደግሞ ቅንብሩ ባዶ ይሆናል። እውነቱ ሲነገር ሙላቱም በዚህ ገመድ ላይ ሁልጊዜ እኩል አልተራመደም። በአንዳንድ የመጀመሪያ ሥራዎቹ የላቲኑ ኮንጋ ቤቱን ወርሶ ቅኝቱ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ከጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔት ጋር ስሙን በሚጋራው «የከርሞ ሰው» ግን ሚዛኑ ተገኝቷል። ዜማው ሳይቸኩል ይራመዳል፤ ከሥሩ ያለው ሁሉ የሚሄደው በዜማው ፈቃድ ነው። ይህ ሥራ በ2005 በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ተሰምቶ ዓለም ሲያደንቀው፣ የተደነቀው ሙላቱ በውጭ አገር የተማረው ነገር አልነበረም፤ የተማረውን ለምን እንደ ተጠቀመበት ነው።

አራተኛው ምሳሌ ከሌላ ዘመን ጭንቅ የወጣ ነው። ከ1974 በኋላ በሰዓት እላፊው ምክንያት የአዲስ አበባ የሌሊት ሕይወት ተኮማተረ፤ የዘፈን ግጥምም በሳንሱር ፊት መቅረብ ነበረበት። ቃል ያለው ዘፈን ሊሰረዝበት የሚችል ስንኝ አለው፤ ቃል የሌለው ዜማ ግን ለቀይ እስክሪብቶ የሚሰጠው ነገር የለም። በሂልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው ዋሊያስ ባንድ በ1977 ያሳተመው «ቼ በለው» በዚህ ጊዜ የተገኘ ሸክላ ነው። በውስጡ ያለው የግርማ በየነ ድርሰት «ሙዚቃዊ ስልት»፣ አንድን አጭር ሐረግ እያመላለሰ፣ አውጪና ተቀባይ ያለበትን የአገር ዘፈን ሥርዓት በመሣሪያዎች መካከል ያከፋፍላል። የባንዱ የቁልፍ መሣሪያ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ከ1981ዱ የአሜሪካ ጉዞ በኋላ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑን፣ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎችንና የከበሮ ማሽንን ይዞ፣ ሁሉንም ለብቻው ተጫውቶ የቀረጸው «ሸሞንሟናዬ» የስደተኛ ሥራ ነው። ቀድሞ በባንድ ጓደኞች ይሞላ የነበረውን ቦታ ማሽን ይሞላዋል፤ አኮርዲዮኑ ግን የቀድሞዋን አዲስ አበባ ያወራል። ኃይሉ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ቆይቶ፣ ይህ ሥራ በ2013 እንደገና ታትሞ ወደ መድረክ መለሰው።

አራቱን የሚያገናኛቸው ምንድን ነው? ጌታቸው ከፎካሪ፣ እማሆይ ከማኅሌት፣ ሙላቱ ከቅኝቶቹ ሥርዓት፣ ዋሊያሶች ከአውጪና ተቀባይ ልማድ ተነሥተዋል። መሣሪያው ሊናገር የቻለው ከኋላው የቆየ የንግግር ጥበብ ስለ ነበረው ነው። ከዚያ ወዲህ «ክላሲካል» እየተባሉ በካሴትና በሲዲ የቀረቡ ብዙ ሥራዎች የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው። የታወቀ ዘፈን ይወሰዳል፤ ዘፋኙ ይነሣል፤ በምትኩ ኪቦርድ ዜማውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይደግመዋል። ይህ ባለቤቱ የወጣለት ቤት ነው። አድማጩ በልቡ ግጥሙን እያለ ይከተላል እንጂ ከመሣሪያው አዲስ ነገር አይሰማም። ከዚህም የተነሣ «ቃል አልባ ሙዚቃ ምንም አይልም» የሚለው እምነት ይበረታል።

የጉዳዩ ክብደት ከጣዕም ልዩነት ያለፈ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፈረንሳይ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት የታተመው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ፣ የጌታቸውን፣ የሙላቱንና የእማሆይን ሥራዎች ለዓለም አድርሷል። ለዚህ ምስጋና ይገባል። ነገር ግን የፓሪስ ወጣት የጌታቸውን «ሽለላ» በስም እየጠራ ሲጠይቅ፣ የሽለላው ባለቤት የሆነው አገር ልጅ በመጀመሪያ የሚሰማው የውጭ ፊልም ሲያይ ከሆነ፣ ውርሱ መንገዱን ስቷል። ሸክላ በውጭ አገር ሊታተም ይችላል፤ ዜማው የሚናገረውን አውቆ የሚመልስ ጆሮ ግን በትእዛዝ አይመጣም።

መፍትሔው ከሚታሰበው በላይ ቅርብ ነው። የሬዲዮ አዘጋጅ ረቂቅ ሙዚቃ ባሰማ ቁጥር የደራሲውንና የተጫዋቹን ስም ቢጠራ፣ ክፍተት መሙያ የነበረው ዜማ ባለቤት ያገኛል። የአማርኛ መምህር ስለ ፉከራ ሲያስተምር የጌታቸውን ሳክስፎን አንድ ጊዜ ቢያሰማ፣ ተማሪው ግጥምና ዜማ ከአንድ ምንጭ መቅዳታቸውን ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳል። የባህል አዳራሽ ኃላፊ በዓመት ጥቂት ምሽቶችን ዘፋኝ ለሌለበት መድረክ ቢመድብ፣ ታዳሚው ከእራት ጠረጴዛ ርቆ ማዳመጥን ይለምዳል። ወጣቱ ሙዚቀኛም የሰው ዘፈን ከመድገሙ በፊት አያቱ እንዴት እንደሚያለቅሱ፣ እንዴት እንደሚፎክሩ፣ እንዴት እንደሚመርቁ ቢያጠና፣ መሣሪያው የሚለው ነገር አያጣም።