ሣጥኑ ለማን ይከፈት?
ዩኒቨርሲቲዎች ስለሰበሰቡት ተፈጥሮና ስለ ባለቤቱ ሕዝብ የቀረበ ሂስ

አራት ኪሎ ሲባል ለአብዛኞቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ቤተ መንግሥቱ፣ ፓርላማው፣ የድል ሐውልቱና የተማሪው ሰልፍ ነው። እዚያው በተለምዶ ሳይንስ ፋኩልቲ በምንለው ግቢ ውስጥ ግን ድምፅ የሌለው ሌላ የአገር ሀብት ተቀምጧል። አንደኛው ብሔራዊ ሄርባሪየም ነው፤ ከ80 ሺህ በላይ የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች በወረቀት ላይ ተለጥፈው፣ በየወገናቸው በቁም ሣጥን ተደርድረው የሚጠበቁበት ቤት። ሁለተኛው የእንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነው። ስለ ቤተ መንግሥቱ ሁላችንም ሊቃውንት ነን። ስለነዚህ ቁም ሣጥኖች ግን ከመካከላችን አሥር ደቂቃ መናገር የሚችል ስንት ሰው አለ?

ከእነዚህ ሣጥኖች የወጣው ሥራ ትንሽ አይደለም። በ1980 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የተጀመረው የኢትዮጵያ ፍሎራ ፕሮጀክት በስዊድን መንግሥት እርዳታና ከኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እስከ 2009 ዘልቆ፣ ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎችን የመዘገቡ 8 ቅጾች አስገኝቷል። ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ስብስቤ ደምሰው፣ እንሰርሙ ቀልቤሳ፣ ሱ ኤድዋርድስ፣ ኢንጋ ሄድበርግና ሌሎችም የደከሙበት ሥራ ነው። በመካከሉ መንግሥት ተለወጠ፣ አገርም ለሁለት ተከፈለ። መጽሐፉ ግን አልተከፈለም፤ «የኢትዮጵያ ፍሎራ» ተብሎ የተጀመረው «የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ» ተብሎ ተጠናቀቀ። ፖለቲከኞቻችን ያልቻሉትን የቅጠል ሊቃውንት ቻሉት ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዩኒቨርሲቲዎች የሰበሰቡትን ተፈጥሮ ለሕዝብ የሚያቀርቡበትን መንገድ መመርመርና መተቸት ነው። መከራከሪያዬም አጭር ነው፤ ሕዝብ የማያውቀው ስብስብ በክፉ ቀን ጠበቃ አያገኝም። ስብስቡን ለሕዝብ ማቅረብም ምሁሩ ጊዜ ሲተርፈው የሚሰጠው ምጽዋት ሳይሆን ያለበት ዕዳ ነው።

ጠበቃ የሌለው ሀብት

የብራዚልን ብሔራዊ ሙዚየም እንውሰድ። ይህ ሙዚየም የሪዮ ዲ ጄኔሮ ፌዴራል ዩኒቨርሲቲ ንብረት ነው። በ1818 ተመሥርቶ 200ኛ ዓመቱን በያዘበት በ2018፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን ምሽት በእሳት ጋየ። ከነበሩት 20 ሚሊዮን ያህል ቅርሶችና ናሙናዎች ውስጥ በዋናው ሕንፃ የነበረው አብዛኛው ወደመ። ሄርባሪየሙ የተረፈው በሌላ ሕንፃ ውስጥ ስለነበረ ነው። የፌዴራል ፖሊስ ምርመራ በኋላ እንዳመለከተው እሳቱ የተነሣው ከአየር ማቀዝቀዣ ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሲደርሱ ደግሞ በቅርብ ካሉት የውኃ ቧንቧዎች የሚፈልጉትን ውኃ አላገኙም። ይኸው ሙዚየም ከእሳቱ በፊት የዳይኖሰር ማሳያው በምስጥ ተበልቶበት ለማሳደስ ከሕዝብ መዋጮ እስከ መለመን ደርሶ ነበር።

በማግስቱ ሕዝቡ አጥሩን ከቦ አለቀሰ፣ መንግሥትንም አወገዘ። የሙዚየም ትምህርት ተማሪዎች ጎብኚዎች በየጊዜው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች እንዲልኩላቸው ጥሪ አደረጉ፤ የጠፋው ነገር ቢያንስ በምስል እንዲተርፍ ነው። ጥሪው የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን በእኛ አባባል ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ፍቅሩ ነበረ። ፍቅሩን ከበጀት ሰጪው ደጃፍ የሚያደርስ መንገድ ግን ቀደም ብሎ አልተጠረገም ነበር።

«ይህ የድሃ አገር ጉዳይ ነው» የሚል ካለ ደግሞ ወደ ሰሜን ካሮላይና ይመልከት። በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ቋሚ ሀብት ያለው የዱክ ዩኒቨርሲቲ በ2024 መጀመሪያ ላይ ከ800 ሺህ በላይ ናሙናዎች የያዘውን፣ መቶ ዓመት ያስቆጠረውን ሄርባሪየሙን ለመዝጋትና ስብስቡን ወደ ሌሎች ተቋማት ለማዛወር መወሰኑን አስታወቀ። ከዓለም ዙሪያ ሳይንቲስቶች በሺዎች ሆነው የተቃውሞ ፊርማ አሰባሰቡ። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ የጮኸው ባለሙያው ነው። ዩኒቨርሲቲው የቅርጫት ኳስ ቡድኑን አፈርሳለሁ ቢል ኖሮ ግን የከተማው ሕዝብ ሌሊቱን ባላደረ ነበር። ልዩነቱን የፈጠረው የሁለቱ ጥቅም አይደለም፤ አንዱ በሕዝቡ ልብ ውስጥ መቀመጫ አለው፣ ሌላው ግን የለውም።

ማስደነቅና ማሳወቅ

በዚህ ረገድ ሃርቫርድ ብዙ ያስተምራል። የሃርቫርድ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በ1998 ሲቋቋም ዓላማው የዩኒቨርሲቲው የምርምር ስብስቦች ለሕዝብ የሚታዩበት በር እንዲሆን ነበር። እዚያ የሚገባ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መስታወት አበቦቹ ነው። ሊዮፖልድና ሩዶልፍ ብላሽካ የተባሉ ጀርመናውያን አባትና ልጅ ከ1887 እስከ 1936 ድረስ የሠሯቸው ከ4 ሺህ የሚበልጡ ቅርጾች ናቸው። ሲሠሩ ለማስተማሪያ ተብለው ነበር፤ ዛሬም ያስተምራሉ፣ ያስደንቃሉም።

በማስደነቅ ላይ ተቃውሞ የለኝም፤ ልጅ ትምህርት የሚጀምረው በመገረም ነው። ሂሴ ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው። ከመስታወቱ አበባ አጠገብ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ሄርባሪየሞች ከ5 ሚሊዮን በላይ እውነተኛ ናሙናዎች ይዘዋል፤ እነዚያ ግን ለተመራማሪ እንጂ ለአላፊ አግዳሚ ክፍት አይደሉም። ምክንያቱ ይገባኛል። ነፍሳት አንዴ ከገቡ ቅጠሉን ይጨርሱታል፣ ብዙ እጅም ይሰባብረዋል። ሆኖም ጎብኚው ውበቱን አይቶ፣ ዋናው ሥራ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ከወጣ የቀረበለት ግብዣ ግማሽ ነው። ድግሱን አይቶ ወጥ ቤቱን አላየም።

ዋናው ሥራስ ምንድን ነው? ናሙና ማለት ቀን፣ ቦታና ከፍታ የተጻፈበት ምስክር ነው። በበርክሌይ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የአከርካሪ እንስሳት ሙዚየም በ1908 ሲመሠረት የመጀመሪያ ኃላፊው ጆሴፍ ግሪኔል ነበር። ግሪኔል የስብስቡ እውነተኛ ዋጋ የሚታወቀው ምናልባት ከመቶ ዓመት በኋላ እንደሆነ በ1910 ጽፎ ነበር። ትንቢቱ ሠመረ። የሙዚየሙ ሰዎች ከ2003 ጀምሮ ወደ ዮሴሚቲ ተመልሰው የእርሱን ማስታወሻና ናሙናዎች ከዛሬው ጋር ሲያስተያዩ፣ ካጠኗቸው ትንንሽ አጥቢ እንስሳት ግማሽ ያህሉ በአማካይ 500 ሜትር ገደማ ወደ ላይ መሸሻቸውን አገኙ። ይህ ውጤት በ2008 ታተመ። ያ አሮጌ ሣጥን ባይኖር ኖሮ ሙቀቱ እንስሳቱን ማፈናቀሉን በምን ማስረጃ እናውቅ ነበር?

ለእኛ ደግሞ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አለ፤ ቡናችን። ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የተሳተፈበትና በ2012 የታተመ ጥናት፣ የሄርባሪየም መዛግብትን ጨምሮ ጫካ በቀል ቡና የተገኘባቸውን ቦታዎች ለቅሞ ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር አመዛዘነ። ውጤቱ የሚያስደነግጥ ነበር። በተሻለው ግምት እንኳ እስከ 2080 ድረስ ለቡናው ተስማሚ ከነበሩት ቦታዎች 65 በመቶው ተስማሚነታቸውን ያጣሉ። ይህንን ቁጥር ከሁሉ በፊት ማወቅ የነበረበት የከፋና የኢሉባቦር ገበሬ ነው። ጥናቱ የታተመው ግን በእንግሊዝኛ ነው።

መለያ ወረቀቱ የማይናገረው

ሕዝብን መጋበዝ ማለት የስብስቡን ታሪክ በሐቅ መናገርም ነው። ቪልሄልም ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ በ1837 ወደ አገራችን ገብቶ ዕድሜውን ሁሉ ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖሮ በ1878 አድዋ ላይ አረፈ። የሰበሰባቸው ናሙናዎች በአውሮፓ ሄርባሪየሞች ተበታትነው ይገኛሉ፤ ሥራውም ክቡር ነው። ነገር ግን ተራራውን መርቶ ያወጣው፣ «ይህ ለኮሶ፣ ይህ ለቁስል» ብሎ የነገረው የአገሬው ሰው ስም በመለያ ወረቀቱ ላይ በአብዛኛው አይገኝም።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በ1904 ሮም ላይ «የቅኝ ግዛት ሄርባሪየም» ተብሎ የተቋቋመውና በ1914 ወደ ፍሎረንስ የተዛወረው ስብስብ ዛሬ በፍሎረንስ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው፤ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሶማሊያ የተወሰደ ብዙ ናሙና ይዟል። በ1937 አንድ የጣልያን የጥናት ቡድን ጣና ሐይቅ ዙሪያ ዕፅዋት ሰብስቧል። 1937 የየካቲት 12 ጭፍጨፋና የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ፍጅት የተፈጸመበት ዓመት ነው። የዚያን ዓመት አበባ ለሕዝብ የሚያሳይ ሰው ዓመቱንም ማሳየት አለበት። አበባው ንጹሕ ነው፤ የተቀጠፈበት ቀን ግን ንጹሕ አልነበረም። ቅጠሉ ይመለስ አይመለስ የሚለው ክርክር ሰፊ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ከቅጠሉ በፊት ምስሉ፣ መለያ ጽሑፉና ታሪኩ ያለ ክፍያ፣ በሚገባን ቋንቋ ሊመለስልን ይገባል።

የስም ዕዳ

ወደ አራት ኪሎ ልመለስ። ፍሎራው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የአገር ውስጥ ስሞች ተመዝግበውበታል፤ ነገር ግን በላቲን ፊደል ነው። ለሳይንስ ዓለም ይህ ትክክል ነው፤ ዓለም የሚነጋገረው እንዲያ ነው። ችግሩ ነገሩ እዚያው ላይ ማቆሙ ነው። ስሙን የነገረችው የገጠር እናት፣ ልጇ ዛሬ ፊደል ቆጥሮ ያንን መጽሐፍ ቢገልጥ የእናቱን ቃል በባዕድ ፊደል ተጽፎ ያገኘዋል።

እውቀቱ ከየት እንደመጣ ለመረዳት የእንዶድን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ስላየ ነው የቢልሃርዚያን ተሸካሚ የሚገድል መድኃኒት ፍለጋ የጀመረው። ያ ምርምር መነሻው ልብስ አጣቢ ሴቶች ናቸው። እውቀት ከወንዝ ዳር ወደ ዩኒቨርሲቲ የሄደበት መንገድ ካለ፣ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ወንዝ ዳር የሚመለስበትም መኖር አለበት። ዕዳ ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ረሃብና ጦርነት ባለበት አገር ስለ ደረቀ ቅጠል ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ነው። ይህንን የሚል ሰው ክፉ ቀን ሲመጣ ገበሬው የሚበላውን የዱር ተክል የትኛው እንደሚያድንና የትኛው እንደሚገድል ማን መዝግቦ እንዳስቀመጠ ይጠይቅ። ቡና ያለበትን ጫካ፣ ጤፍ ያለበትን ማሳ የሚመለከት መዝገብ የሆድ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ጠንከር ያለ ነው። «ሣጥኑን ከከፈትነው የውጭ ኩባንያ ይዘርፈናል» ይላል። ስጋቱ መሠረት አለው፤ አንድ የሆላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት አሠራርን በፓተንት የራሱ አድርጎ እንደነበር አንረሳም። ሆኖም ያ ፓተንት በ2018 ሄግ ላይ በፍርድ ቤት ሲሻር ምክንያቱ አዲስ የፈጠራ ሥራ የለበትም ተብሎ ነው። ቀድሞ የታወቀን ነገር እንደ አዲስ ማስመዝገብ ይከብዳል። በአደባባይ የተመዘገበ እውቀት ምስክር ይሆናል፤ ተደብቆ የቆየ እውቀት ግን የቀደመ ይወስደዋል። ብርቅ የሆነ ተክል ያለበትን ትክክለኛ ቦታ መሰወር ሲያስፈልግም ቦታውን ብቻ ሸፍኖ ሌላውን መግለጽ የተለመደ አሠራር ነው።

ምን ይደረግ?

ሂስ ብቻውን ሜዳ ላይ እንዳይቀር ሦስት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ስሙ ይመለስ። ከናሙናዎቹ ሕዝቡ በየቀኑ ከሚያውቃቸው፣ ከኮሶ፣ ከወይራ፣ ከጽድ፣ ከእንሰት፣ ከጌሾ ተጀምሮ አንዳንድ ገጽ መግለጫ ከነምስሉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ይዘጋጅ። ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ ምርምር አይደለም፤ ተርጓሚ፣ አርታኢና ትዕግሥት ነው።

ሁለተኛ፣ ሥራው ወደ ትምህርት ቤት ይውረድ። ናሙና ማዘጋጀት ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ተክሉን በጋዜጣ መካከል ዘርግቶ ከባድ ነገር መጫን፣ እስኪደርቅ ጋዜጣውን መለዋወጥ፣ በወፍራም ወረቀት ላይ መለጠፍ፣ ከዚያም ቦታውን፣ ቀኑን፣ የሰብሳቢውን ስምና የአያቱን ምስክርነት መጻፍ ነው። ይህንን አንድ ጊዜ የሠራ ተማሪ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። ስሙ ያለበትን ወረቀት የያዘ ቤት ሲፈርስም ዝም አይልም።

ሦስተኛው በውጭ የምንኖረውን ይመለከታል። በየከተማችን የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች ከአገራችን የተወሰደ ምን እንዳላቸው መጠየቅ መብታችን ነው፤ ብዙዎቹም በትሕትና ለሚጠይቅ ሰው ይመልሳሉ። የናሙናው ምስል ለአራት ኪሎ በነጻ እንዲደርስ መጠየቅ፣ የመለያ ጽሑፉን መተርጎም፣ ለካሜራና ለኮምፒዩተር መግዣ ማዋጣት ከአንድ የእራት ግብዣ ወጪ ብዙም አይበልጥም። ለስብሰባ የምናጠፋውን ጊዜ አሥረኛውን ለዚህ ብንሰጥ በአምስት ዓመት ውስጥ የሚታይ ነገር ይኖራል።

የሪዮ ሰዎች ጎብኚዎቻቸውን ፎቶግራፍ የጠየቁት ከአመዱ በኋላ ነው። እኛ ሣጥኖቻችን እስከ ዛሬ ቆመዋል፤ በውስጣቸውም የሠላሳ ዓመት ልፋት አለ። ጊዜው ሳያልፍ ቁልፉ ወደ ሕዝቡ ይሂድ እላለሁ።

ቸር ያሰማን።