አንዲት መንደር በስእለት ስለ ያዘችው ቴአትር

ቴአትር ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው በደመወዝ የሚኖሩ ተጫዋቾች በከተማ አዳራሽ የሚያሳዩት ነገር ነው። በጀርመን አገር በባየርን ተራሮች ሥር ባለችው በኦበራመርጋው ግን የሚጫወቱት እንጨት የሚጠርቡ፥ ልጆች የሚያስተምሩ፥ እንግዳ የሚያሳድሩ የመንደሩ ሰዎች ናቸው።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1633 ዓ.ም. ቸነፈር ገብቶ ብዙ ሰው ስላለቀ፥ የቀሩት የጌታን ሕማምና ሞት በየዐሥር ዓመቱ በቴአትር እናሳያለን ብለው ተሳሉ፤ በ1634 የመጀመሪያውን አሳዩ። በ1940 ጦርነት ከለከላቸው፤ የ2020ው ደግሞ በኮሮና ተስቦ ምክንያት ወደ 2022 ተላለፈ። ከ5,000 ያህል ነዋሪ ውስጥ ሕፃናት ሳይቀሩ ከሲሶው የሚበልጠው ይካፈላል። ለመካፈል በመንደሩ መወለድ ወይም 20 ዓመት መኖር ያስፈልጋል። ያገቡ ሴቶችና ዕድሜያቸው ከ35 ዓመት ያለፈ ሴቶች ግን እስከ 1990 ድረስ ተከልክለው ነበር፤ ቸነፈሩ እንኳ ያላደረገውን ልዩነት ሰዎች አደረጉት፤ የሻረላቸውም ፍርድ ቤት ነው።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰሙነ ሕማማትን በንባብና በስግደት ታስባለች እንጂ በመድረክ አታሳይም፤ ስለዚህ ሰው ጌታን መስሎ መቆሙ ይገባልን የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው የሚገባ ነው። የዛሬው ነገሬ ግን ስለ ድርሰቱ ነው።

በድርሰቱ ውስጥ የቅኔ ቤት ሰው የሚደሰትበት ነገር አለ። በትዕይንቶቹ መካከል መጋረጃው ሲገለጥ ሰዎች እንደ ሥዕል ዝም ብለው ቆመው የብሉይን ታሪክ ያሳያሉ፤ መዘምራንም ይዘምራሉ። በቀድሞው ድርሰት ከይሁዳ ክፋት አስቀድሞ ዮሴፍ በወንድሞቹ ሲሸጥ ይታይ ነበር፤ ሰሙ ዮሴፍ፥ ወርቁ ክርስቶስ ነው ማለት ነው። ነገር ግን በ19ኛው መቶ ዓመት የመንደሩ ቄስ ዳይዘንበርገር አድሶት ብዙ ዘመን የኖረው ድርሰት በሥዕሉ ዮሴፍንና ሙሴን ሲያከብር፥ በንግግሩ ልጆቻቸውን አይሁድን በሙሉ የጌታ ገዳዮች አድርጎ ያቀርብ ነበር። ለካህናቱም ቀንድ የመሰለ ቆብ ያደርጉላቸው ነበር። ሰሙን አክብሮ የሰሙን ባለቤት መስደብ በየትኛውም ጉባኤ ቢዘረፍ መምህሩ ያፈርሰዋል። ሂትለር በ1934 መጥቶ አይቶ እጅግ የወደደው ይህንኑ ነው።

በመንደሩ ከአባቶች የተቀበልነውን ቃል አንነካም የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። እኔ ግን አባቶች የተሳሉት ሕማሙን ለማሳየት እንጂ አንዱን ድርሰት ለመጠበቅ አይደለም እላለሁ፤ የዳይዘንበርገር ድርሰት ከስእለቱ በኋላ ከ200 ዓመት የሚበልጥ ዘመን አልፎ የመጣ ነውና። ከ1990 ጀምሮ አዘጋጅ የሆነው የመንደሩ ተወላጅ ክርስቲያን ሽቱክል ድርሰቱን አርሞአል። በ2000 በማቴዎስ ምዕ. 27 ቁ. 25 ያለው የሕዝቡ ጩኸት ቀረ። ቃለ ወንጌል እንዴት ይቀራል የሚል ቢኖር፥ ያን ቃል ማቴዎስ ብቻ የጻፈው መሆኑን ያስታውስ፤ አራቱን ወንጌል በአንድ ቀን የሚያሳይ ድርሰት ከሁሉም መተዉ የማይቀር ነው። በቤተ ክርስቲያን ከንባቡ በኋላ ትርጓሜው ይከተላል፤ መምህሩ ማንን እንደሚመለከትና እንደማይመለከት ያስረዳል። በመድረክ ግን ብዙ መቶ ሰው በአንድ ድምፅ ሲጮኽ ተርጓሚ የለውም፤ ተመልካቹ በልቡ የተቀረጸውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በይሁዳ ነገር ግን ከአዘጋጁ ጋራ አልስማማም። ገንዘብ ወዳድነቱን አቅልለው፥ ጌታ በሮማውያን ላይ ይነሣል ብሎ ተስፋ ያደረገና ተስፋው የቀረበት ሰው አድርገውታል። ይህ የነገሩን ልብ ያራቅቀዋል፤ ነገር ግን ብር ይሰጡት ዘንድ እንደ ተስማሙ ማርቆስም ሉቃስም ጽፈዋል፤ ዮሐንስም ከረጢቱን ይዞ ይሰርቅ እንደ ነበረ ይነግረናል። አንድ ወንጌላዊ ብቻ የጻፈውን መተው ሌላ ነው፤ አራቱም የመሰከሩትን ማቅለል ሌላ ነው። ቀጣዩ ትዕይንት በ2030 ነው፤ እስከዚያው ድርሰቱን ዳግመኛ ቢመረምሩት ለብሩ ስፍራውን ሊመልሱለት ይችላሉ።