ከመኪና መስኮት የታየች ከተማ፦ «አደፍርስ»ን ከጉዞ መልስ ማንበብ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንድ የመኪና ጉዞና አንድ የክፍል ውስጥ ጥያቄ ናቸው። ጉዞው በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ከአዲስ አበባ ተነሥተን እስከ ወልድያ ደርሰን የተመለስንበት ነው። ጥያቄው ደግሞ ከጉዞው በኋላ የጻፍኋትን ማስታወሻ ለተማሪዎቼ የገለጻ ናሙና አድርጌ ባነበብሁበት ዕለት የተነሣ ነው። ማስታወሻዬ ስለ ደብረ ሲና ነበር። «ከገደል አፋፍ የተንጠለጠለች፣ ጉም የምትለብስና የምታወልቅ ውብ ትንሽ ከተማ» ብዬ ነበር የጻፍሁት። አንብቤ ስጨርስ ከኋላ ወንበር አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «መምህር፣ እኔ እዚያ ነው ያደግሁት። ውብ ያሏት ለማን ነው?» አለኝ። ክፍሉ ሣቀ፤ እኔም አብሬ ሣቅሁ። መልስ ግን አልነበረኝም።

በአገራችን ረጅም መንገድ በመኪና የሄደ ሰው ሁሉ የእኔን ስሜት ሳያውቀው አይቀርም። ከአዲስ አበባ ወጥቶ፣ በጫጫ በኩል ሜዳውን አቋርጦ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ብርዱ ይቀበለዋል። ከዚያ በኋላ መሬቱ ገና ሜዳ መስሎ ሳለ ጣርማበር ላይ በድንገት ያልቃል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ተራራውን ፈልፍለው የሠሩት ዋሻ እዚህ ላይ ነው፤ በአንዱ አፉ ገብተው በሌላው ሲወጡ አገሩ ሌላ ይሆናል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከዚህ ከፍታ፣ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነው ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወረዳል። ደብረ ሲና በዚህ ቁልቁለት ላይ ናት። መኪናው ገና ሳይቆም ቆሎ ሻጮቹ ከመስኮቱ ሥር ይደርሳሉ። እኛም ቆሎ ገዛን፣ ሻይ ጠጣን፣ ፎቶግራፍ አነሣን፣ ሄድን። ጠቅላላ ቆይታችን አርባ ደቂቃ አይሞላም፤ ማስታወሻዬ ግን ሦስት ገጽ ነበር።

ሌሎቹን ከተሞች ከዚህም ባነሰ ጊዜ ነው ያየናቸው። አጣዬ፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ከደሴ ወዲያ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ መርሳ ተራ በተራ መጥተው ሄዱ። ውጫሌ ስንደርስ ባልደረባዬ ስለ 1881ዱ ውልና ስለ አንቀጽ 17 አንድ ሙሉ ንግግር አደረገልኝ፤ ንግግሩ ሲያልቅ ከተማዋም አልቃ ነበር።

ይህ የአላፊ አግዳሚ ዓይን በሥነ ጽሑፋችን አዲስ አይደለም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን ሮም ላይ ባሳተሙበት በ1900 ዓ.ም. አካባቢ፣ ወደ ሐበሻ አገር ለሚመጣ መንገደኛ የሚሆን መምሪያ መጽሐፍም በፈረንሳይኛና በአማርኛ ምልልስ አዘጋጅተው አሳትመዋል። የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድና የመንገደኛ መምሪያ ከአንድ ብዕር፣ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ወቅት ወጡ ማለት ነው። ከዚህ ተነሥቼ ልቦለዳችን አገሩን በእንግዳ ዓይን ማየት የጀመረው ከውልደቱ ነው ብል ነገር ማጋነን ይሆንብኛል። ነገር ግን ተማሪዎቻችን መቼት ሲባል የመንገደኛ መምሪያ የሚመስል ነገር ለምን እንደሚጽፉልን ሳስብ ይህ አጋጣሚ ከአእምሮዬ አይጠፋም።

ጥፋቱ የተማሪዎቹ አይደለም፤ የእኛ ነው። መቼትን «ታሪኩ የተፈጸመበት ጊዜና ቦታ» ብለን በአንድ መስመር እንበይናለን፤ በፈተና ላይም የቦታውን ስም፣ የአየሩን ጠባይና የዘመኑን መጠሪያ ለጻፈ ሙሉ ነጥብ እንሰጣለን። በዚህ ዓይነት መቼት ከሰዎቹ ጀርባ የተሰቀለ ሥዕል ይሆንና ይቀራል።

አንዳንድ ጊዜ ነገሩ የሚገለበጥበት ሁኔታም አለ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ ማንኩሳ የምትባል ከተማ ትገኛለች። ያለፍሁባት በአውቶቡስ ነው። ረዳቱ ስሟን ሲጠራ ተኝቶ የነበረው ሁሉ ነቅቶ አንገቱን በመስኮት አወጣ። ያየነው ሱቅ፣ ጋሪና የባሕር ዛፍ ጥላ ነው፤ በመንገዱ ላይ ካሉት ሌሎች ከተሞች የሚለያት ነገር በዓይን አይታይም። ሕዝቡ የሚፈልገው ግን የበዛብህን የትውልድ ቦታ ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበውም፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማውም ማንኩሳን ከማየቱ በፊት ያውቃት ነበርና። ሀዲስ ዓለማየሁ ይህን ያደረጉት የማንኩሳን ውበት አድንቀው አይደለም። አንድ ቤተሰብ የተሳለውን ስለት፣ በዚያ ስለት ምክንያት ከቤት የወጣውን ልጅና በእግር የሚያልቀውን ረጅም መንገድ ነው የሰጡን። በእግር የሚሄድ ሰው ከተማ «አያገኝም»፤ ይደርሳል፣ ያድራል፣ ይለምናል፣ ይታመማል።

ከዚህ ላይ ስለ «ከተማ» ቃል ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ከተማ ከ«ከተመ» የወጣ ነው፤ ሠራዊቱ የሰፈረበት፣ ጌታው ድንኳን የተከለበት ቦታ ማለት ነበር። ብዙዎቹ የደጋ ከተሞቻችን አፋፍ ላይ የተቀመጡት መንገደኛ ከታች ሆኖ እንዲያደንቃቸው ሳይሆን፣ ከላይ ያለው ሰው የሚመጣውን አይቶ እንዲጠብቅና የታችኛውን አገር እንዲገዛ ነው። መኪናዬን አቁሜ «እንዴት ያለ ቦታ ነው!» ያልሁለት ከፍታ የተመረጠው ለጥበቃና ለግብር ነበር ማለት ነው። ይህን ያወቀ አንባቢ አፋፍ ላይ የተሠራ የባለርስት ቤት በልቦለድ ውስጥ ሲያጋጥመው እንደ ጌጥ አያልፈውም።

ወደ «አደፍርስ» ልመለስ። የዳኛቸው ወርቁ ልቦለድ በ1962 ዓ.ም. የታተመ ሲሆን ታሪኩ የሚፈጸመው ደራሲው በተወለደበት በደብረ ሲናና ከእርሷ በታች ባለችው በአርማኒያ አካባቢ ነው። እኔ በማስታወሻዬ ያደነቅሁት ቁልቁለት ይኸው ነው። ይህን መጽሐፍ ለስምንት ዓመታት ያህል አስተምሬያለሁ። እንዴት እንዳስተማርሁት ግን አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። መጽሐፉ ከባድ ነው፤ ምልልሱ ይረዝማል፣ ሰው ከሰው ጋር ሲከራከር ተራኪው ይደበቃል፣ የአካባቢው አነጋገር ያለ ማብራሪያ ይገባል። ስለዚህ ለተማሪዎቼ የሚነበቡትን ምዕራፎች እመርጥና የባላገሩን ወሬና ሙግት የያዙትን «ለጊዜው እለፏቸው፤ ትልሙን አያራምዱም» እላቸው ነበር። የማስቀረው አደፍርስ ራሱ የሚናገርባቸውን፣ አሮጌውና አዲሱ ዘመን የሚጋጩባቸውን ክፍሎች ነው።

የተማሪው ጥያቄ ካጋጠመኝ በኋላ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ የዘለልሁትን ሳልዘል፣ እንደገና አነበብሁት። ያገኘሁት ነገር ይህ ነው፦ በ«አደፍርስ» ውስጥ ደብረ ሲና ከምትታይ ይልቅ የምትሰማ ናት። መልክዓ ምድር የለበትም ማለቴ አይደለም፤ አለ፣ ያምራልም። ቦታውን ቦታ የሚያደርገው ግን የሰዎቹ ንግግር ነው። ማን ወደ ማን ወረደ፣ ማን ማንን ከሰሰ፣ የትኛው መሬት የማን ነው፣ ማን በማን ደጅ ጠና የሚለው ሁሉ በአፍ ይመጣል። ወይዘሮ አሰጋሽን የመሰለች ባለርስት የምታውቀው አገር ድንበርና ሙግት ያለበት አገር ነው። እኔ «ወሬ» ብዬ የዘለልሁት መቼቱን ራሱን ነበር።

ይህን ስረዳ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከወልድያ ስንመለስ ደብረ ሲና ላይ እንደገና ሻይ ጠጥተን ነበር። ሻይ ቤቱን የያዙት አንዲት እናት ነበሩ። «እማማ፣ አገራችሁ እንዴት ያምራል!» አልኋቸው። «ያምራል ልጄ» አሉኝ ብርጭቆውን እያጠቡ፤ «ወርደህ እስክትወጣ ነው»። ይህን አባባል በማስታወሻዬ ላይ ጽፌው ነበር፤ ኋላ ግን የገለጻውን ስሜት ይሰብራል ብዬ ሰረዝሁት። ዳኛቸው ቢሆን ሦስቱን ገጽ ሰርዞ እርሷን አንዷን ዓረፍተ ነገር ያስቀራት ነበር ብዬ አስባለሁ።

የዋናው ገጸ ባሕርይ ስምም ከዚህ አንጻር ሌላ ትርጉም ይሰጠኛል። አደፍርስ ማለት ውሃውን በጥብጥ፣ አታጥራው ማለት ነው። እርሱም እንደ እኔ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ የተማረ፣ ለአካባቢው እንግዳ የሆነ ወጣት ነው። ልዩነታችን እርሱ ቆየ። ተከራከረ፣ ተሳሳተ፣ ሰው አስቀየመ፤ በመጨረሻም በተማሪዎች ግርግር መካከል በድንጋይ ተመትቶ ይሞታል። መንገደኛ ውሃው ጠርቶ እንዲቆየው ይፈልጋል፤ ፎቶግራፉ ላይ የራሱ ጥላ እንዳይወድቅ ይጠነቀቃል። አደፍርስ የገባበትን ውሃ ማደፍረሱ አልቀረለትም። ሐያስያን አደፍርስን ብዙ ጊዜ የሚተቹት ንግግሩ ከመጽሐፍ የተቀዳ ነው፣ ባላገሩን አይሰማም በማለት ነው። ትችቱ ልክ ነው፤ ነገር ግን የደራሲው ጉድለት አድርጎ ማየቱ አይዋጥልኝም። ደራሲው የማይሰማ ሰው በሚሰማ መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጧል።

ይህን ሐሳብ ለባልደረባዬ ባጫውተው፣ «ታዲያ ተራራ ማድነቅ ኃጢአት ሆነ እንዴ?» አለኝ። አልሆነም። ጣርማበር ላይ ጉሙ ከታች ወደ ላይ ሲመጣ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ አይቶ ዝም ያለ ሰው ቢኖር እርሱን ነው የምጠረጥረው። የምቃወመው ያንን አድናቆት ለገለጻ ናሙና ማቅረቤን ነው።

ከዚያ ጉዞ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። በማስታወሻዬ ላይ አጣዬን በአንድ መስመር «ጸጥ ያለች» ብያት ነበር። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ላይ ከባድ ቃጠሎና ውድመት ደረሰ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ በዚሁ መንገድ መጥቶ እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ደርሶ ነበር። ዜናውን ስሰማ ማስታወሻዬን አውጥቼ አነበብኋት። በሦስቱ ገጽ ውስጥ አንድም የሚናገር ሰው የለም። «ጸጥ ያለች» ያልሁት እኔ ስላልሰማሁ ይሁን ወይስ በእርግጥ ጸጥ ብላ ስለነበር ከጽሑፌ ላይ ለይቼ ማወቅ አልቻልሁም።

አሁን «አደፍርስ»ን የምጀምረው ቀድሞ «እለፏቸው» እል ከነበሩት ምዕራፎች ነው፤ ተማሪዎቹም ድምፅ አውጥተው ያነቧቸዋል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ምልልሱ በዓይን ብቻ ሲነበብ ብዙ ነገር ይጠፋል። መጀመሪያ ያነበበልን ያው ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ ነበር። እኔ ለዓመታት ቁጣ ነው ብዬ ያስተማርሁትን አንድ ምላሽ እርሱ ሲያነበው ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ፤ ቀልድ ኖሯል። «እኛ ዘንድ እንዲህ ነው የሚባለው መምህር» አለኝ፣ እንደ ማፈር ብሎ። ምዕራፉን ደግሞ እንዲያነበው ጠየቅሁት።

በዚያ ዓመት ከማጠቃለያው ፈተና ሦስተኛውን ጥያቄ አወጣሁት። «የአደፍርስን መቼት በአጭሩ ግለጽ» የሚለውን።