«ኢየሱስ እና ጆን ዌይን»፦ በእኛ ምስባክ አጠገብ የተነበበ መጽሐፍ

በመጋቢዎች መካከል ይህን መጽሐፍ ባነሣሁ ቍጥር ከሁለት መልሶች አንዱ ይገጥመኛል። አንደኛው «የአሜሪካኖች ፖለቲካ ነው፤ ለእኛ ምን ይሠራልናል?» የሚል ነው። ሁለተኛውን የምሰማው ይበልጡን ከወጣቶች ነው፦ «ወንጌላዊ መሆን ማለት ይህ ከሆነ ስሙንም አልፈልገውም።» የፊተኛው ሰው መጽሐፉን ሳይከፍት ዘግቶታል። የኋለኛው ግን አንብቦ፣ ስለ ሌላ አገር የተጻፈውን ታሪክ በራሱ ቤት ላይ እንደ ወጣ ፍርድ ተቀብሎታል። ሁለቱም የቸኰሉ ይመስለኛል። በምስባክ የምትቆሙ፣ ለዚያም የምትዘጋጁ ወገኖች መጽሐፉን ብታነቡት እወዳለሁ። ስታነቡ ግን እየተከራከራችሁ አንብቡ፤ ዓይናችሁንም ከራሳችሁ ጉባኤ አታንሡ።

ጸሓፊዋ ክሪስቲን ኮቤስ ዱ ሜይ በሚሺጋን ግዛት በሚገኘው ካልቪን ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህርት ሳሉ ያዘጋጁት ይህ ሥራ በ2020 እ.ኤ.አ. ታተመ። ጆን ዌይን የካውቦይና የጦር ፊልሞች ዝነኛ ተዋናይ ነበር። ወንጌላዊ አልነበረም፤ ሦስት ጊዜ አግብቷል፤ በፊልም ብዙ ጦር ቢመራም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አልዘመተም። የመጽሐፉ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል፦ እንዲህ ያለ ሰው የክርስቲያን ወንድ አርኣያ የሆነው በምን መንገድ ነው?

መግቢያው የሚጀምረው ዶናልድ ትራምፕ በጥር ወር 2016 እ.ኤ.አ. በአዮዋ፣ በሱ ሴንተር ከተማ፣ በዶርት ኮሌጅ ባደረጉት የምርጫ ቅስቀሳ ነው። ከተማዋ ጸሓፊዋ የተወለዱባት፣ ኮሌጁም የተማሩበት ነው። በዚያው ዓመት ድምፅ ሰጥተው ከወጡ መራጮች በተሰበሰበው መረጃ መሠረት ከነጭ ወንጌላውያን 81 በመቶ ያህሉ ትራምፕን መረጡ። በጊዜው ብዙ ተንታኝ «ሕዝቡ የራሱን ሥነ ምግባር ካደ» አለ። ዱ ሜይ በዚህ አይስማሙም። እንደ እርሳቸው አባባል ሕዝቡ አልካደም፤ ለሃምሳ ዓመት ያህል ሲማር የኖረውን ወንድ አገኘና መረጠው።

ለዚህ የሚያቀርቡት ማስረጃ ከእምነት መግለጫዎች የተለቀመ አይደለም፤ ምንጩ የመጻሕፍት መደብር፣ ሬዲዮና የወንዶች ጉባኤ ነው። ጄምስ ዶብሰን በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ ልጆች ቅጣት የጻፉት መጽሐፍ፣ ማራቤል ሞርጋን በ1973 ሚስቶች ባሎቻቸውን ደስ ስለሚያሰኙበት መንገድ የጻፉት፣ ጄሪ ፋልዌል በ1979 የመሠረቱት ንቅናቄ፣ በ1990ዎቹ ስታዲየሞችን በወንዶች የሞላው «ፕሮሚስ ኪፐርስ»፣ ጆን ኤልድሬጅ በ2001 ወንድን እንደ ተዋጊ የሣሉበት መጽሐፍ፣ በመጨረሻም የሲያትሉ ማርክ ድሪስኮል በምስባክ ላይ የሚሰማው ቁጣና በ2014 የደረሰው ውድቀት፤ እነዚህ ሁሉ በአንድ ክር ይሰፋሉ። ክሩ አንድ ሐሳብ ነው። አባት በቤት ያዝዛል፤ ፓስተር በጉባኤ ያዝዛል፤ ወታደርና መሪ በአገር ያዝዛሉ፤ አንዱ ሥልጣን ከላላ ሌላውም ይላላል።

የዘር ጉዳይም በዚሁ ክር ውስጥ ይገባል። የደቡብ ባፕቲስቶች ማኅበር በ1845 የተመሠረተው ባሪያ አሳዳሪዎች ሚስዮናውያን መሆን ይችላሉ በሚል ክርክር ላይ መሆኑን፣ ማኅበሩም ለዚህ ይቅርታ የጠየቀው በ1995 መሆኑን አስታውሱ። ብዙዎቻችን የአሜሪካ ወንጌላውያን ወደ ፖለቲካ የገቡት በፅንስ ማስወረድ ምክንያት እንደ ሆነ ሰምተናል። ነገር ግን ይኸው ማኅበር በ1971 ባወጣው ውሳኔ በተወሰኑ ሁኔታዎች ፅንስ ማቋረጥ በሕግ እንዲፈቀድ ደግፎ ነበር። በአንጻሩ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች እንዳይጠናኑ ይከለክል የነበረው የቦብ ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ከግብር ነጻ የመሆን መብቱን ለማስከበር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክሮ በ1983 ተረታ። «ስለ ቤተሰብ ቆመናል» የሚለው ቃል የማንን ቤተሰብ ማለቱ እንደ ነበር ይህ ታሪክ ያስጠይቃል።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ልናገር። ከአሥር ዓመት በላይ የቅድመ ጋብቻ ትምህርት አስተምሬያለሁ። የማስተምርበት ማስታወሻ ከአንድ ሥልጠና በፎቶ ኮፒ የመጣ ነበር፤ ጸሓፊው ማን እንደ ሆነ አልተጻፈበትም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ወንድ የሚዋጋው ጦርነት እንደሚያስፈልገው፣ ሴት ደግሞ ልትታደግ የተፈጠረች ውበት እንደ ሆነች ይናገር ነበር። ወጣቶቹ ይወዱታል፤ ይሥቁበታልም። የዱ ሜይን መጽሐፍ ሳነብ ያን ማስታወሻ ቃል በቃል ባይሆንም ሐሳብ በሐሳብ አገኘሁት። መጽሐፍ ቅዱሳዊ ትምህርት ነው ብዬ የያዝኩት ነገር የአንድ ዘመንና የአንድ አገር የገበያ ዕቃ ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ የአንድ አስተማሪ ስንፍና ብቻ በሆነ። አንዲት እኅት፣ በዚያው ክፍል ያስተማርኳት፣ ባልዋ እንደሚመታት ልትነግረኝ መጣች። እንድትጸልይና እንድትገዛለት መከርኳት። ለሁለተኛ ጊዜ መጣች፤ ያንኑ ደገምኩላት። ለሦስተኛ ጊዜ አልመጣችም፤ እሑድም ቀረች። ስለዚህ ይህን መጽሐፍ የማነበው እንደ ዳኛ ተቀምጬ አይደለም፤ እንደ ባለ ዕዳ ነው። ወደ ክርክሬ ስገባ ይህን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያው ክርክሬ በትርጓሜው ላይ ነው። የታሪክ ምሁሩ ዴቪድ ቤቢንግተን በ1989 ወንጌላውያንን በአራት ምልክቶች ለይተው ነበር፦ መጽሐፍ ቅዱስ፣ መስቀል፣ መለወጥ፣ ተግባር። ዱ ሜይ ይህ እንደማይበቃ ያሳያሉ፤ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን አራቱንም እያመኑ «ወንጌላዊ» መባልን አይወዱም። ስለዚህ ስሙ ከትምህርት በላይ የሆነ ነገር ተሸክሟል። እዚህ ድረስ አሳምነውኛል። ከዚያ በኋላ ግን ወንጌላዊ ማለት የዚያ ገበያ ደንበኛ ማለት ነው ወደሚለው ያዘነብላሉ። ሰዎቹን በገዙት ዕቃ ከለየናቸው፣ በመጨረሻ ያደረጋቸው ዕቃው ነው ብሎ መደምደም አያስደንቅም፤ መልሱ በጥያቄው ውስጥ ተቀምጧል። በ1973 በቺካጎ ተሰብስበው ስለ ዘረኝነት፣ ስለ ድኽነትና ስለ ወታደራዊ ትምክሕት የቤተ ክርስቲያንን ኃጢአት የተናዘዙት ሰዎችም ወንጌላውያን ነበሩ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ቦታቸው ጠባብ ነው።

ሁለተኛው ከንዑስ ርእሱ ይነሣል። ነጭ ወንጌላውያን እምነትን አበላሹ ይላል። የተበላሸ ነገር ሳይበላሽ ምን ይመስል ነበር? ጸሓፊዋ አይነግሩንም። የታሪክ ሥራ ይህን ባይነግረን አንወቅሰውም፤ ግን «ተበላሸ» የሚለው ቃል የታሪክ ቃል አይደለም፤ መለኪያ የያዘ ሰው ቃል ነው። መለኪያውን አውጥቶ የማሳየት ሥራ የእናንተ ነው፤ በተለይ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን ኤፌሶን 5፥22 ሚስቶችን «ተገዙ» ይላል። ጥንታዊ በሆኑት የግሪክ ቅጂዎች፣ በፓፒረስ 46ና በቫቲካን ቅጂ፣ በዚህ ቍጥር ላይ ግስ የለም፤ ቍጥር 21 ላይ ካለው፣ ሁሉም እርስ በርሱ እንዲገዛ ከሚያዝዘው ቃል ይዋሳል። በአማርኛው ቍጥር 22 ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ብዙ ጊዜም «የሚስት ድርሻ» የሚል ርእስ ወጥቶለት ለብቻው ይሰበካል። ግሱንም ተመልከቱት። ንጉሥ አገር ይገዛል፤ ነጋዴ በሬ ይገዛል፤ ሚስት ለባልዋ ትገዛለች። ለሦስቱም ቋንቋችን የሰጠን አንድ ግስ ነው። አንድ ገበሬ ይህን ጥቅስ ሲሰማ የትኛው እንደሚታየው መገመት አይከብድም። ጆን ዌይንን አይቶት አያውቅም፤ አያስፈልገውምም። የራሳችን ሽለላና ፉከራ አለን፤ «ወንድ ነው» የሚል ምስጋና አለን። ከባሕር ማዶ የመጣው ማስታወሻ እዚህ ሲደርስ ባዶ መሬት ላይ አልወደቀም።

ሦስተኛውና ለእኔ ትልቁ ክርክር፣ የቀረው የዓለም ቤተ ክርስቲያን በመጽሐፉ ውስጥ አለመታየቱ ነው። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን፣ በ1937 እ.ኤ.አ.፣ ሚስዮናውያን ከወላይታ ሲወጡ ትተው የሄዱት ሃምሳ የማይሞሉ አማኞችን ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ ያገኙት ብዙ ሺህ ሕዝብ ነው። በመካከሉ መንግሥት አልነበራቸውም፤ ሬዲዮም፣ የወንዶች ጉባኤም አልነበራቸውም፤ እንደ ዋንዳሮ ያሉ አገልጋዮች ይገረፉ ነበር። በደርግ ዘመን የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሓፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ታፍነው ተገደሉ። «ጴንጤ» የሚለው ስም ስድብ ሆኖ የተሰጠን ነው። ለእነዚህ ሰዎች ወንጌል የሥልጣን ልብስ ነበር የሚል ንድፈ ሐሳብ በራሱ ጎደሎ ነው። ዛሬ በዋሽንግተን ወይም በዳላስ የአማርኛ ጉባኤ የሚመሩ መጋቢዎች ይህን ክፍተት በየቤቱ ያዩታል፦ አባት «ወንጌላዊ» ሲባል የታሰሩትን ያስታውሳል፤ እዚያ በጥቁር ቆዳ ያደገው ልጁ የአንድ ፓርቲ ስም ይሰማል።

ነገር ግን ይህን ክርክር እንደ ጋሻ አንያዘው። በ1987 ዓ.ም. ቈጠራ ፕሮቴስታንት የተባልነው ከሕዝቡ 10.2 በመቶ ነበርን፤ በ1999 ዓ.ም. 18.6 በመቶ ሆንን። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ከጴንጤቆስጤ ጉባኤ የወጡ ሰው ናቸው። ይህን የማነሣው ለማመስገንም ለመውቀስም አይደለም። የዱ ሜይ መጽሐፍ በጣም የሚያስፈራኝ እዚህ ስለ ሆነ ነው፦ የተከበብን ነን የሚለው ስሜት ሥልጣን ሲገኝ እንደማይጠፋ፣ እንዲያውም መሪዎች ተከታይ ለመያዝ እንደሚመግቡት ያሳያሉ። የስደት ትዝታ ያለው ሕዝብ ወደ ቤተ መንግሥት ሲጠጋ ያንን ትዝታ ምን ያደርግበታል? ባለፉት የጦርነት ዓመታት ከምስባኮቻችን የሰማናቸውን ስብከቶች፣ በየብሔራችን ቋንቋ የተሰበኩትን፣ አንድ ቀን ሰብስቦ የሚያነብ የታሪክ ተማሪ ቢመጣ የሚያገኘውን እናውቃለን።

ስለ ዘርም እንዲሁ። ነጭና ጥቁር የሚለው የእኛ ጥያቄ አይደለም ብለን አንለፍ። የሸክላ ሠሪ፣ የፋቂና የቀጥቃጭ ልጆች በአንድ ጽዋ አብረውን ቆርበው፣ በሠርግ ግን የማንሰጣቸውና የማንቀበላቸው አጥቢያዎች አሉን። የትምህርተ ሃይማኖት መግለጫችን በዚህ ላይ እንከን የለበትም። ዱ ሜይ መግለጫውን አስቀምጠው ገበያውንና ቤቱን እንዳዩ፣ እኛም የጋብቻ መዝገባችንን ብናይ ሌላ ትምህርተ ሃይማኖት እናገኛለን።

ከመጽሐፉ ሁሉ በጣም የከበደኝ የመጨረሻው ክፍል ነው፤ የሥልጣን ትምህርት በደልን እንዴት እንደ ሸፈነ የሚተርከው። በ2019 ሁለት የቴክሳስ ጋዜጦች ባወጡት ምርመራ በሃያ ዓመት ውስጥ 380 ያህል የደቡብ ባፕቲስት መሪዎችና አገልጋዮች በወሲብ በደል እንደ ተከሰሱና ተጎጂዎቹ ከ700 በላይ እንደ ሆኑ ታወቀ። አቤቱታ ሰሚዎቹ ብዙ ጊዜ የተከሳሹ ባልንጀሮች ነበሩ። ይህን ሳነብ የራሳችንን አሠራር አሰብኩ። በአጥቢያችን የቤት ጉዳይ የሚሰማው የሽማግሌዎች ጉባኤ ሰባት ሰው ነበር፤ ሰባቱም ወንዶች፣ ከእነርሱም አንዱ እኔ።

ሁለት እኅቶች፣ አንዷ ነርስ፣ እንዲህ ያለውን ጉዳይ እንዲሰሙ ሐሳብ አቀረብኩ። ክርክሩ ሦስት ስብሰባ ፈጀ። አንድ ሽማግሌ ይህ የዓለም አሠራር ነው አሉ፤ ሌላው ኤፌሶን 5ን ጠቀሱ፤ እኔም ቍጥር 21ን ጠቀስኩ። በመጨረሻ ለስድስት ወር እንዲሞከር ተወሰነ። እኅቶቹ በተመደቡ በሁለተኛው ሳምንት የመጀመሪያዋ ባለ ጉዳይ መጣች። ያቺ ቀድሞ የመለስኳት እኅት አልነበረችም።